ኑክሌር ልግባ ወይስ ፓርቲክል? አንዴ ከገቡ መሻገሪያ አለ?

ጀማሪ ኳርክ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው፤ አሁን ግን ግራ ስለገባኝ ልጠይቅ። በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው፤ የቀረኝ ጥናቴን ማቅረብ ብቻ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል፤ መልስ የምሰጥበት ቀንም ደርሷል።

አንደኛው ኑክሌር ፊዚክስ ነው። ቡድኑ ትንሽ ነው፤ በጀርማኒየም ዲቴክተር (ጨረር መለያ መሣሪያ) የጋማ ጨረር እየለኩ የኒውክለስን፣ ማለትም የአቶም እምብርትን፣ ውስጣዊ አሠራር ያጠናሉ። ሁለተኛው ፓርቲክል ፊዚክስ ነው። ቡድኑ ሰርን (ጄኔቫ አጠገብ ያለው የፓርቲክል ምርምር ማዕከል) ካሉት ትልልቅ ሙከራዎች የአንዱ አባል ነው፤ የኔ ሥራ በአብዛኛው ዳታ መተንተን ይሆናል።

ፊዚክስን የወደድኩት ስለ ኒውትሪኖ፣ ስለዚያች በቀላሉ የማትያዝ ኢምንት ቅንጣት፣ አንብቤ ስለሆነ ልቤ ወደ ፓርቲክሉ ያደላል። ግን የኑክሌሩን ቡድን መሪ ሳነጋግራቸው አንጀቴን ነው የበሉት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ላብራቶሪውን እየዞሩ አሳዩኝ። ጓደኞቼ ደግሞ «ኑክሌር ያለቀለት ሳይንስ ነው፣ ሬአክተር ጠባቂ ሆነሽ ትቀሪያለሽ» ይሉኛል።

አንዱን ከመረጥኩ በኋላ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል ወይስ በሩ ይዘጋል? ዕድሜውን በዚህ ሥራ የገፋ ሰው ካለ ኑሮው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ይንገረኝ። ማበረታቻ አልፈልግም፣ እውነቱን ብቻ።

ዳታ ለቃሚ

እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ሰርን ባለው ትልቁ ኮላይደር (ቅንጣት ከቅንጣት የሚያጋጭ ማሽን) ላይ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ወደ ራሴ ባደላ አትፍረጅብኝ። እኛ ጋ የፕሮቶን ጥቅሎች በሴኮንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ እርስ በርስ ይተላለፋሉ፤ ከዚህ ሁሉ ተመርጦ የሚቀመጠው በሴኮንድ ጥቂት ሺህ ግጭት ብቻ ነው። የቱ ይቀመጥ፣ የቱ ይጣል የሚለው ውሳኔ ራሱ ትልቅ የምርምር መስክ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ስታቲስቲክስ፣ ማሽን ለርኒንግ ወደድሽም ጠላሽም ትማሪያለሽ፤ ከአካዳሚው ዓለም ብትወጪ በዚያ እንጀራ አታጪም።

ጉዳቱን ልንገርሽ፤ ዲቴክተሩን በእጅሽ ሳትነኪ ልትመረቂ ትችያለሽ። እኔ ዳታውን ለዓመታት የተነተንኩለትን ዲቴክተር ያየሁት እንደ ማንኛውም ጎብኚ የደህንነት ቆብ አድርጌ ነው።

ስለ መሻገሩ ግን ከኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰው አሉ። ጋሽ ጋማ ቆጣሪ፣ የት ጠፉ?

ጋማ ቆጣሪ

አለሁ፣ አለሁ። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ታገሡኝ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን «ያለቀለት» የሚባል ወሬ እናስወግደው። ሰርን ውስጥ ኢሶልዴ የሚባል የኑክሌር ፊዚክስ ማዕከል ከ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጀምሮ እየሠራ ነው። ዕድሜያቸው ከሴኮንድ ያነሰ ኒውክለሶች እየፈጠሩ እዚያው ያጠኗቸዋል። ሚሺጋን ላይ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የታነጸ ግዙፍ አክስለሬተር (ቅንጣት ማፍጠኛ) በ2022 ሥራ ጀምሯል። ባለቀ ሳይንስ ላይ ማንም ይህን ያህል ብረት አይደረድርም። ሬአክተር መጠበቅም ቢሆን የተከበረ ሙያ ነው፤ ግን እሱ ምሕንድስና ነው፣ ጓደኞችሽ ሁለቱን አምታተውታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በኑክሌርና በፓርቲክል መካከል ያለው ድንበር በጀት የሚመድቡ ሰዎች ያሰመሩት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ተፈጥሮ ያሰመረችው አይደለም። ጉልበቱ በሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚለካውን ኑክሌር ይሉታል፣ በቢሊዮንና ከዚያ በላይ የሆነውን ፓርቲክል ይሉታል። አንቺ የወደድሽው ኒውትሪኖ ግን የተወለደው ከቤታ ጨረር፣ ማለትም ኒውክለስ ሲለወጥ ከሚወጣው ኤሌክትሮን፣ ጥናት ነው፤ ፊዚሲስቱ ፓውሊ በ1930 ሐሳቡን ያመጣው የዚያ የጉልበት ሒሳብ አልገጥም ስላለ ነው። ታዲያ ኒውትሪኖ የማን ነው ልትይ ነው?

ሰው በምሳሌ ይገባዋልና የማዳም ዉን ሥራ ልንገርሽ። ቺየን-ሹንግ ዉ በ1912 ቻይና ተወለዱ፣ በ1936 ወደ አሜሪካ ሄዱ፣ በርክሌይ ገብተው በ1940 ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። የጥናታቸው አንድ ክፍል ዩራኒየም ሲሰነጠቅ በሚወጡ የዜኖን ጋዝ ዓይነቶች ላይ ነበር። ደረቅ፣ ንጹሕ ኑክሌር ፊዚክስ። በ1944 ሃንፎርድ የነበረው ትልቅ ሬአክተር ተነሥቶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱን ማጥፋት ሲጀምር ጥፋተኛው ዜኖን-135 ሆኖ ተገኘ፤ ሬአክተሩን የሚያስኬደውን ኒውትሮን እየዋጠ ነበር። ያን ለማረጋገጥ የማዳም ዉ መለኪያዎች ጠቀሙ።

እኔን የሚማርከኝ ግን ከጦርነቱ በኋላ የሠሩት ነው። ፊዚሲስቱ ፌርሚ በ1934 ስለ ቤታ ጨረር ቲዎሪ አውጥቶ ነበር። ሰዎች ሲለኩ ግን ቀርፋፋ ኤሌክትሮኖች ከሚጠበቀው በላይ በዙባቸውና ቲዎሪው ተሳስቷል እስከማለት ደረሱ። ማዳም ዉ ቲዎሪውን ትተው ናሙናውን ተመለከቱ። ሰዎቹ የሚለኩበት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ወፍራምና ወጣ ገባ ነበር፤ ኤሌክትሮኑ ከውስጥ ተነሥቶ እስኪወጣ ድረስ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። እሳቸው የመዳብ ሰልፌት ውሁድ ላይ የማጽጃ ሳሙና ጨመሩበት። ሳሙናው ውሁዱን እኩል አድርጎ አስተኛው፣ ስስ ንጣፍ ወጣው፣ ሲለኩት የፌርሚ ቲዎሪ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሳሙና! ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግር ይስቃሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የሙከራ ፊዚክስ ትምህርት አላውቅም።

ከዚያ 1956 መጣ። ሊ እና ያንግ የተባሉ ሁለት ቲዎሪስቶች «ደካማው ኃይል (ቤታ ጨረርን የሚያመጣው) ግራና ቀኝን አይለይም ብለን የምናምነው ማን ፈትሾት ነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልፈተሸውም ነበር። ማዳም ዉ ከባለቤታቸው ጋር በመርከብ ሊሄዱ ትኬት ቆርጠው ነበር፤ ባለቤታቸው ብቻቸውን ሄዱ፣ እሳቸው ለሙከራው ቀሩ። ዋሽንግተን ካለው ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ የቅዝቃዜ ባለሙያዎች ጋር ተባብረው ራዲዮአክቲቭ የሆነውን ኮባልት-60ን ከፍጹም ዜሮ (ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል) በ0.01 ዲግሪ ብቻ ከፍ ወዳለ ሙቀት አወረዱት፤ ኒውክለሶቹ በማግኔት አንድ ወገን ይዘው እንዲቆሙ ነው። ኮባልቱ ያለው በክሪስታሉ ገጽ ላይ ብቻ ነበር፣ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል። ስስ ናሙና፤ ያው የሳሙናው ዘመን ሙያ ነው! ኤሌክትሮኖቹ ኒውክለሱ ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒው በኩል በዝተው ወጡ። ክሪስታሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞቅ ልዩነቱ ጠፋ። ተፈጥሮ ግራና ቀኝን ትለያለች ማለት ነው።

ይህ ሙከራ ኑክሌር ነው ፓርቲክል? መሣሪያው፣ ናሙናው፣ ሰዎቹ ኑክሌር ናቸው፤ ውጤቱ ግን ዛሬ በየትኛውም የፓርቲክል ፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ላይ አለ። እሳቸው ግን ድንበር ተሻገርኩ ብለው ያሰቡ አይመስለኝም፤ ቤታ ጨረርን ከሁሉ ሰው አጥርተው መለካት ይችሉ ነበር፣ ጥያቄው ወደሳቸው መጣ።

ሬይንስና ካዋን የተባሉት ፊዚሲስቶችም እንደዚሁ ናቸው። አሜሪካ፣ ሎስ አላሞስ የቦምብ ሙከራ ላይ ሲሠሩ ኒውትሪኖን በቦምብ ፍንዳታ ለመያዝ ሁሉ አስበው ነበር፤ ደግነቱ ተዉት። ኒውትሪኖ ያን ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነበር፤ ሁሉ ያምንበታል፣ ማንም አላየውም። በ1956 ሳቫና ሪቨር በሚገኝ ሬአክተር አጠገብ፣ ከመሬት በታች፣ ካድሚየም የተቀላቀለበት 200 ሊትር ያህል ውኃ አስቀምጠው ያዙት። በሰዓት 3 ያህል ብቻ! ሬአክተሩ ሲጠፋ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሲበራ ይመለሳል። ኖቤሉ ለሬይንስ የመጣው በ1995 ነው። ካዋን በ1974 አርፎ ነበር፣ አላየውም።

የኔ ነገር ከነዚህ አጠገብ ባይቀመጥም እውነቱን ስለጠየቅሽ ልንገርሽ። ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት አንቺ እንደተቀበሉሽ ባለ ትንሽ የጋማ ቡድን ነው። ዛሬ የምሠራው ከተራራ ሥር ባለ ላብራቶሪ ነው፣ ጨለማ ቁስን (አለ የሚባለውን ግን እስካሁን ያልታየውን ቁስ) ለሚፈልጉ የፓርቲክል ሰዎች። ሥራዬ ምን መሰለሽ? ዕቃው ራሱ ጨረር ካወጣ ፍለጋውን ስለሚያበላሽ፣ ዲቴክተሩ ውስጥ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ በኔ በኩል ያልፋል። ብሎን፣ ሽቦ፣ የጎማ ቀለበት፣ ጥፍር የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ።

የጎማ ቀለበቷን እንውሰድ። ጓንት ላይ ጓንት ደርቤ በአልኮል አጥባታለሁ፤ በሰው ላብ ውስጥ ጨረር የሚያወጣ ፖታሺየም ስላለ ባዶ ጣት አይነካትም። ከዚያ ጀርማኒየሙ ፊት አስቀምጣታለሁ። ዙሪያው መዳብ ነው፣ ከመዳቡ ውጭ የውጭ ጨረር የሚከለክል ወፍራም የእርሳስ ብረት ግንብ አለ። የናይትሮጅን ጋዝ እየነፋሁ አየሩን አስወጣለሁ፤ አየር ውስጥ ራዶን የሚባል ራዲዮአክቲቭ ጋዝ አለ። የራዶን ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 3.8 ቀን ስለሆነ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ዝም ብዬ መጠበቅ አለብኝ። ከዚያ ለሳምንታት መቁጠር ነው። ስክሪኑ ላይ ቀስ እያሉ ጉብታዎች ይወጣሉ። 1461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ከሆነ ፖታሺየም-40 ነው። 609 ላይ ከሆነ የዩራኒየም ዘር ነው፣ 2615 ላይ ከሆነ የቶሪየም። እነዚህን ቁጥሮች ከስልኬ ቁጥር በላይ አውቃቸዋለሁ። ጉብታው ከፍ ካለ ቀለበቷ ትመለሳለች፤ ያመጣት መሐንዲስ ይበሳጫል፣ ሌላ አምራች ይፈለጋል፣ እንደገና ይጀመራል።

እርሳሱ ራሱ ችግር ነው። አዲስ እርሳስ ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት የሆነ እርሳስ-210 አለ። ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ያለው ኩዎሬ የተባለ ሙከራ ለዚህ ሲባል በሮማውያን ዘመን ከሰመጠ መርከብ የወጣ እርሳስ ይጠቀማል፤ 2000 ዓመት ባሕር ውስጥ ስለተኛ ያ ራዲዮአክቲቭ ክፍሉ አልቋል። ኩዎሬ የሚሠራው በምን ሙቀት ነው? ከፍጹም ዜሮ 0.01 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ብሎ። ማዳም ዉ ኮባልቱን ካወረዱበት ሙቀት ጋር አንድ ነው። የሚፈልገው ደግሞ ኒውትሪኖ የማይወጣበት ድርብ ቤታ ጨረር (ሁለት ኤሌክትሮን በአንዴ የሚወጣበት) ሲሆን እሳቸውም በኋለኛው ዘመናቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር ጨው ማዕድን ውስጥ ገብተው ፈልገውት ነበር።

ሌላ ልጨምርልሽ። ዜኖን የተሞላ የጨለማ ቁስ ዲቴክተር እዚያው ግራን ሳሶ ላይ ነበር። ጨለማ ቁሱን አላገኘም። በ2019 ግን ዜኖን-124 ሁለት ኤሌክትሮን በአንዴ ውጦ ሲለወጥ መዘገበ፤ ግማሽ ዕድሜው የአጽናፈ ዓለሙን ዕድሜ በሺህ ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። የፓርቲክል ሰዎች የሠሩት መሣሪያ የኑክሌር ፊዚክስን ብርቅ መለኪያ ሰጠ። ቡድናቸው ውስጥ ጋማ የሚቆጥር ሰው ባይኖር ያን ያህል የጠራ ዲቴክተር አይኖራቸውም ነበር፤ ይህንን ስል ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው።

ስለ ኑሮው ደግሞ ቁርጡን ልንገርሽ። ሦስተኛ ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ፖስትዶክ (ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ቅጥር) ነው፤ እያንዳንዱ 2 ወይም 3 ዓመት ሲሆን አብዛኛው ሰው ሁለት ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ በተለያየ አገር። ትዳር፣ ልጅ፣ ቤት መሥራት፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛ ዲግሪ ከሚይዙት አብዛኞቹ ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ቦታ አያገኙም፤ ይህን ማንም ሲቀጥርሽ አይነግርሽም። ለኑክሌር ሰው ሆስፒታል፣ የጨረር ደህንነት፣ የሕክምና ኢሶቶፕ ሥራ አለ፤ ለዳታ ሰው ደግሞ ዳታ ለቃሚ የነገረሽ አለ። ሁለቱም እንጀራ ናቸው።

ጀማሪ ኳርክ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሳሙናውን ነገር ለእናቴ ሳይቀር ነገርኳት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በ1957 ኖቤሉ ለሊ እና ለያንግ ብቻ ነው የተሰጠው አይደል? ማዳም ዉ ያንን ሁሉ ሠርተው ከተዘለሉ፣ እኔ ስሜ 3000 ሰው መካከል የሚጻፍበት ሙከራ ብገባ ማን ሊያውቀኝ ነው? በትንሹ ቡድን ቢያንስ አምስት ስም ነው የሚሆነው።

ዳታ ለቃሚ

ይቺን ለኔ ተዉልኝ። 3000 ትያለሽ፣ በ2015 ሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎች ሂግስ የተባለውን ቅንጣት ክብደት አንድ ላይ ሲያወጡ 5154 ደራሲ ነበር። ጽሑፉ 33 ገጽ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 24ቱ የስም ዝርዝርና የተቋማት አድራሻ ነው። ስሙ በፊደል ተራ ስለሚሄድ የመጀመሪያ ደራሲ የሚባል ክብርም የለም።

ግን ውስጥ ያለ ሰው ማን ምን እንደሠራ ጠንቅቆ ያውቃል። ለውጭ የማይወጡ የውስጥ ሰነዶች አሉ፤ እነሱ ላይ የሚጻፈው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ሥራሽን ለቡድኑ ስታቀርቢ በማታውቂው አገር ያሉ ሰዎች ከስክሪን ጀርባ ያፋጥጡሻል፤ ያን ካለፍሽ ስምሽ ይያዛል። ቅጥር ላይ የሚታየው የድጋፍ ደብዳቤውና በጉባኤ ማን እንዲናገር እንደተመረጠ ነው። ደራሲ ለመባል ራሱ መጀመሪያ አንድ ዓመት ያህል ለሙከራው የጋራ ቴክኒክ ሥራ መሥራት አለብሽ፤ ካሊብሬሽን (መለኪያውን ማስተካከል)፣ ሶፍትዌር፣ የሚሰጥሽን። አሰልቺ ነው፣ ግን ሰው የሚያውቅሽ እዚያ ነው።

የሌሊት ተረኛ መሆንም አለ፤ ስለሱ ሌላ ቀን።

ቲዎሪ ይሻላል

ከሁሉም ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ማን ጎማ ቀለበት ያጥባል?

ጋማ ቆጣሪ

አንተ ደግሞ፣ ወረቀትህ ላይ ያለው ቁጥር ከየት የመጣ ይመስልሃል? እርሳስህንም አምጣትና ልቁጠርልህ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ማዳም ዉን በተመለከተ እውነትሽን ነው፤ ኖቤሉ አልደረሳቸውም፣ አብረዋቸው ዋሽንግተን ላይ የለፉትም አልደረሳቸውም። ብዙ ፊዚሲስት እስከ ዛሬ ይቆጨዋል፣ እኔንም ጨምሮ። ይሁን እንጂ ተረስተው አልቀሩም፤ በ1975 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፣ በ1978 የወልፍ ሽልማት በፊዚክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ለሳቸው ተሰጠ። ከዚያ የግራና ቀኝ (ፓሪቲ) ሙከራ በኋላም ቤታ ጨረርን አልተዉም፤ በ1963 ሌላ ዋና ጥያቄ በዚያው ሙያ ፈቱ፣ በኋላ ደግሞ የደም ሄሞግሎቢን እስከማጥናት ሄዱ።

እኔ ብሆን የትኛውን እንደምመርጥ ታውቂዋለሽ፣ ስለዚህ አልመርጥልሽም። ከመፈረምሽ በፊት ግን ለሁለቱም አማካሪዎች ደውለሽ ጥቂት ነገር ጠይቂ። ለኮላይደሩ ቡድን፣ «በእኔ ዘመን ማሽኑ ዳታ ይሰጣል ወይስ ለማሻሻያ ተዘግቶ ይቆያል? ከተዘጋስ ዲቴክተር ሥራ ላይ እጄን ማስገባት እችላለሁ?» በይ። እነዚህ ማሽኖች ለዓመታት ይዘጋሉ፤ መዘጋቱ ለሃርድዌር ወዳጅ በረከት ነው፣ አዲስ ዳታ ለሚጠብቅ ግን ጭንቅ ነው። ለጋማው ቡድን፣ «የአክስለሬተር ሰዓት በዓመት ምን ያህል ይሰጣችኋል? ባይሰጣችሁ ጥናቴ በምን ያልቃል?» በይ። ትንሽ ቡድን የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ የሙከራ ሰዓት በውድድር ነው የሚገኘው፣ ካልተፈቀደ ተማሪው አሮጌ ዳታ ይዞ ይቀራል።

ለሁለቱም ደግሞ ባለፉት ዓመታት ያስመረቋቸው ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ ጠይቂ፣ ሁለቱን ሦስቱን አግኝተሽ አነጋግሪ። አማካሪው ስም ለመስጠት ካመነታ ያም መልስ ነው።

ኒውትሪኖውን ከምር የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ የጋማውን ሰውዬ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «ከናንተ ጀርማኒየም አንዱን ለዝቅተኛ ባክግራውንድ ቆጠራ (እንደ ጎማ ቀለበቷ ያለ ደካማ ጨረር መለካት) መጠቀም እችላለሁ?» ሁለት ሰዓት ላብራቶሪውን ያዞሩሽ ሰው ከሆኑ እምቢ አይሉሽም። እሺ ካሉሽ የድርብ ቤታ ሙከራዎች እንዲህ ያለ ልጅ እየፈለጉ ነው፤ ጀርማኒየም-76 ላይ የሚሠሩት በተለይ፣ ምክንያቱም እነሱ ጋ ዲቴክተሩ ራሱ ናሙናው ነው።

ጀማሪ ኳርክ

ይቺን የመጨረሻዋን አላሰብኳትም ነበር። ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ፣ ለኮላይደሮቹም እንደዚሁ። ዳታ ለቃሚ፣ የሌሊት ተረኛነቱን ነገር እስከዚያ ጻፍልኝ፤ ስንት ሰዓት ነው የምትቀመጡት?

ዳታ ለቃሚ

8 ሰዓት። ምንም ካልተበላሸ ረጅሙ ሌሊት ነው፤ ከተበላሸ ደግሞ አጭሩ።